ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል፦ የረጅም ርቀት ሯጮች የሆድ ችግርና መከላከያው

የረጅም ርቀት ሩጫ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ እግር፣ ስለ ሳንባና ስለ ጽናት ነው። ሯጮቹን ቀረብ ብሎ ለጠየቀ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። አንዱን ሩጫው መሀል ላይ ያቅለሸልሸዋል። ሌላውን ጎኑን ይወጋዋል። ሌላው ደግሞ ቁርጠትና ተቅማጥ ይዞት ከመንገድ ይወጣል። በስፖርት ሕክምና የተጻፉ ጽሑፎች እንደሚያሳዩት ከረጅም ርቀት ስፖርተኞች መካከል ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያለ የሆድ ችግር በተደጋጋሚ ያጋጥማቸዋል።

ችግሩ በአደባባይ ብዙ አይወራም። ጉልበቱን ያመመው ወጣት ለአሰልጣኙ ወዲያው ይናገራል፤ ሆዱ ያስቸገረው ግን ያፍራል። በዚህም ምክንያት ወራት የለፋበት ውድድር ወይም የክለብ መምረጫ ሩጫ በአንድ ጠዋት ያመልጠዋል። አንዳንዱም "እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም" ብሎ ይተዋል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በማለዳ ተነስተው ወደ አረካ፣ ወደ ቦዲቲና ወደ ሁምቦ በሚወስዱት አስፋልቶች ላይ ለሚሮጡ የወላይታ ሶዶ ወጣቶች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ደስ የሚለው ግን አብዛኛው የሩጫ ሆድ ሕመም በበቂ ዝግጅት ሊቀንስ የሚችል መሆኑ ነው።

በሩጫ ጊዜ ሆድ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ተቀምጠን ሳለን ልብ ከምትረጨው ደም ውስጥ ከአምስት አንዱ ያህል ወደ ጨጓራ፣ ወደ አንጀትና ወደ ጉበት ይሄዳል። መሮጥ ስንጀምር እግር ደም ይፈልጋል፤ ሙቀትን የሚያስወጣው ቆዳም እንዲሁ። ሰውነት ይህን ደም የሚያገኘው ከሆድ ዕቃ ቀንሶ ነው። በጠንካራ ሩጫ ወደ አንጀት የሚሄደው ደም እስከ 80 በመቶ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ደም ያነሰው አንጀት ምግብ መፍጨትና ማስገባት ይከብደዋል፤ ግድግዳውም ይጎዳል። ማቅለሽለሹና ቁርጠቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌሎች ሦስት ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው መንገጫገጭ ነው። ሯጭ በየእርምጃው ሆዱ ይናጣል፤ በዚህ ምክንያት የታችኛው አንጀት ችግር ከብስክሌተኛ ይልቅ ሯጭ ላይ ይበረታል። ሁለተኛው ጭንቀት ነው። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተያያዙ በመሆናቸው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሯጩ ሽንት ቤት መመላለሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የተፈጥሮ ምላሽ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የበላነውና የጠጣነው ነው። ከሁሉም በላይ በእጃችን ያለው ይኸኛው ነው።

ሙቀት እነዚህን ሁሉ ያባብሳል። ነፋሻማ በሆነው ሶዶ ልምምዱን የሠራ ሯጭ ወደ ሁምቦና ወደ ብላቴ ቆላ ወርዶ በዚያው ፍጥነት ቢሮጥ፣ ቆዳው ለማቀዝቀዝ ተጨማሪ ደም ስለሚወስድ ሆዱ ቀድሞ ያስቸግረዋል። በሙቀት ቦታ ፍጥነትን መቀነስ ለእግር ብቻ ሳይሆን ለአንጀትም እረፍት ነው።

ከአገራችን ሯጮች የሚገኘው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የ10 ታላላቅ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን አመጋገብ ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ከሚያገኙት ኃይል ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ከእህልና ከመሳሰሉት ኃይል ሰጪ ምግቦች የሚመጣ ሲሆን፣ ይህም ለሯጭ ከሚመከረው ጋር የሚስማማ ነው። በፈሳሽ በኩል ግን የታየው ሌላ ነው። ሯጮቹ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ ላይ ሳሉ ምንም አይጠጡም ነበር።

ይህ ልማድ በየመንደሩ በሚሮጡ ወጣቶቻችንም ዘንድ አለ። በባዶ ሆድ፣ ውሃ ሳይቀምሱ ሮጦ መመለስ እንደ ጀግንነት ይታያል። ለአጭር ልምምድ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው በውድድር ቀን ነው። ለወራት አንድ ጉንጭ ፈሳሽ ይዞ ሮጦ የማያውቅ ጨጓራ፣ በዚያች ጠዋት በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ጣፋጭ መጠጥ ይገባበታል። አላወቀውም፤ ይመልሰዋል፤ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል።

አዳማ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በስደት ወደ ኔዘርላንድ የሄደችው ሲፋን ሐሰን በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናት። የመጀመሪያዋን ማራቶን ለንደን ላይ የሮጠችው ኤፕሪል 23 ቀን 2023 ሲሆን፣ ይህም ከዒድ አልፊጥር ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ረመዷንን እየጾመች በመዘጋጀቷ በሩጫ ላይ የመጠጣት ልምምድ እንዳላደረገች ከውድድሩ በኋላ ተናግራለች። በውድድሩም ላይ መጠጥ ለማንሳት መንገዱን አቋርጣ ስትሄድ ከሞተር ሳይክል ጋር ለመጋጨት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ጡንቻዋን ለማሳሳብ ቆማ ወደ ኋላ ብትቀርም፣ መሪዎቹን ደርሳ በ2፡18፡33 አሸነፈች። በቀጣዩ ዓመት በፓሪስ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘች በኋላ ማራቶኑን በ2፡22፡55 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። ትዕግስት አሰፋ ሦስት ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ብር አገኘች።

ከዚህ "ሳይለማመዱም ይሆናል" የሚል ትምህርት መውሰድ ስህተት ነው። እንደ ሲፋን ያለ አቅም ያለው ጥቂት ሰው ነው። እርሷም ብትሆን ያልተለማመደችው ነገር ውድድሩን ሊያበላሽባት ጫፍ ደርሶ ነበር።

በወላይታ ማዕድ ላይ ያለው፦ የቱ መቼ ይበላል?

አስተማሪ በነበርኩባቸው ዓመታት በትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ሁለት ዓይነት ተማሪ አይ ነበር። አንዱ ምንም ሳይቀምስ ይመጣል። ሌላው ደግሞ "ጉልበት እንዲሆንህ" ተብሎ ከቤቱ እስኪጠግብ በልቶ ይመጣል። ሁለቱም ሜዳ ላይ ይቸገሩ ነበር። ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱ ስለማይገጥም ነው።

ስብና ፕሮቲን ከጨጓራ ለመውጣት ረጅም ሰዓት ይፈጃሉ። አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው የምግብ ክፍል ለጤና በጣም ጠቃሚ ቢሆንም፣ አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስና ጋዝ ስለሚፈጥር ለውድድር ዋዜማ አይሆንም። በዚህ ሚዛን የወላይታን ምግብ እንየው።

ጥሬ ሥጋ በዳጣ የአካባቢው መታወቂያ ነው። ለውድድር ዋዜማ ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይኸው ነው። ሥጋው ለመፈጨት ይዘገያል፤ ዳጣው ጨጓራን ያቃጥላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልና ሌሎች ተሕዋስያንን የማስተላለፍ ዕድልም አለው። ሥጋ መብላት የፈለገ ሯጭ በደንብ የበሰለውን፣ ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢበላ ይሻለዋል።

ቆጮ አሰሩ ብዙ ስለሆነ ለዘወትር መልካም፣ ለዋዜማ ግን ከባድ ነው። ቡላ ግን ከዚያው ከእንሰት የሚወጣ ንጹሕ ስታርች በመሆኑ ለሆድ ይቀላል። በቅቤ ሳይጥለቀለቅ የተሠራ የቡላ ገንፎ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት ለሯጭ ጥሩ ኃይል ነው። በወላይታ ቦይና የሚባለው ጎደሬና ስኳር ድንችም ተልጠውና በደንብ ተቀቅለው በልኩ ከተበሉ ይስማማሉ። ቦሎቄ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ሽፈራው ለሌላው ቀን ይቆዩ፤ በዋዜማው ጋዝ ያበዛሉ።

በሶ የኢትዮጵያ ሯጮች የቆየ ስንቅ ነው። ሆኖም የሚሠራው ከሙሉ ገብስ ስለሆነ አሰር አለው። ለአንዱ ተስማምቶ ሌላውን ሊነፋው ይችላልና በልምምድ ቀን ተሞክሮ ይወሰን። ወተትም እንዲሁ ነው። ብዙ አዋቂ ሰው በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር በደንብ አይፈጭም። ወተት የሚነፋው ሰው በውድድር ሳምንት ቢተወው መልካም ነው። ቡናና በቅመም የሚፈላው የቡና ቅጠል ሻይ አንጀትን ያነቃቃሉ። የለመዳቸው በልኩ ይጠጣ፤ ያልለመዳቸው በውድድር ጠዋት አይጀምር።

ሰዓቱን በተመለከተ ቀላል ስሌት እንውሰድ። ውድድሩ ከጠዋቱ 1፡30 ይጀምራል እንበል። ዋናው ቁርስ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 10፡30 ላይ ቢበላ ጥሩ ነው። ከፈጅር ሶላት ቀደም ብሎ ለሚነሳ ሰው ይህ ከባድ ሰዓት አይደለም። ነጭ ዳቦ በማር፣ ሩዝ ወይም የቡላ አጥሚት በቂ ነው። ከዚያ ውድድሩ አንድ ሰዓት ሲቀረው አንድ ሙዝ መጨመር ይቻላል። ዋናው ሕግ ግን አንድ ነው፦ በውድድር ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም።

ሆድን ማለማመድ

አንጀት የሚሰጡትን ይለምዳል። ስኳር ደጋግሞ የሚደርሰው አንጀት ስኳርን የማስገባት አቅሙ ይጨምራል፤ ጨጓራም ፈሳሽ ይዞ መሮጥን ይለምዳል። ለውጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ስድስት ሳምንት ቢሰጡት ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ሩጫ በመንገድ ላይ ምግብ አያስፈልግም። የሚከተለው ለግማሽ ማራቶን፣ ለማራቶንና ለረጅም የብስክሌት ጉዞ ለሚዘጋጁ ነው።

በመጀመሪያ መጠጡን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አምስት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ይህ 60 ግራም ያህል ስኳር የያዘ፣ በገበያ ካሉት የስፖርት መጠጦች ጋር የሚቀራረብ መጠጥ ነው። ጣፋጭነቱን መጨመር ጉልበት የሚጨምር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጣም የጣፈጠ መጠጥ ወይም ያልቀጠነ ጁስ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጥ ያመጣል። የለስላሳ መጠጥ ጋዝም ሆድን ይነፋል።

አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት፦ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚደረገው ረጅም ሩጫ ላይ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ውሃ ብቻ ይጠጣ።

ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት፦ ውሃው በተዘጋጀው መጠጥ ይተካ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ቀስ እያሉ ቢጠጡት 30 ግራም ስኳር ይገኛል።

አምስተኛና ስድስተኛ ሳምንት፦ ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚሮጥ በሰዓት ግማሽ ሊትር መጠጥና በሁለት ጊዜ የተከፈለ አንድ ሙዝ ይሁን። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ስላለው በድምሩ ወደ 55 ግራም ይደርሳል። አንጀት ግሉኮስን ብቻ ሲያገኝ በሰዓት ማስገባት የሚችለው 60 ግራም ገደማ በመሆኑ ለአብዛኛው ሯጭ ይህ ይበቃል።

ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ረጅም ሩጫዎች ላይ ሙሉ ልምምድ ይደረግ። ያው ቁርስ፣ ያው ሰዓት፣ ያው መጠጥ፣ ያው ፍጥነት ይሁን። የበሉትንና የተሰማዎትን በደብተር መጻፍ በጣም ይረዳል። "ይህ ምግብ አልተስማማኝም" ከሚል ግምት ይልቅ የተጻፈ ማስረጃ ይበልጣል።

ጎን ሲወጋ ደግሞ ፍጥነትን መቀነስ፣ አየርን በረጅሙ ማስወጣትና የሚያመውን ቦታ በእጅ ጫን አድርጎ ጥቂት ማጎንበስ ያስታግሳል። ከሩጫ በፊት ባለው ሰዓት ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ አለመጠጣት መከላከያው ነው።

ውሃ፦ ማነሱም መብዛቱም ይጎዳል

የውሃ እጥረት ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም ይበልጥ ይቀንሳል። ከመጠን በላይ መጠጣት ግን ሌላ አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ በ488 ሯጮች በተደረገ ምርመራ 13 በመቶው የሶዲየም መጠናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚጋለጡት ቀስ ብለው የሚሮጡና በየጣቢያው አብዝተው የሚጠጡ ናቸው። ምልክቱ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና መደናገር ስለሆነ ከውሃ ጥም ጋር ይምታታል፤ ተጨማሪ ውሃ መስጠት ደግሞ ያብሰዋል። ከሩጫ በኋላ ክብደቱ ከመነሻው የጨመረ ሰው አብዝቶ ጠጥቷል ማለት ነው።

በረመዷን ለሚሮጥ

ወላይታ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የጾሙ ርዝመት በየትኛውም ወቅት ከ13 እስከ 14 ሰዓት ነው። ይህ ለእቅድ ይመቻል። ቀላል ሩጫ ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቢደረግ፣ ወዲያው ውሃና ምግብ ይገኛል። ጠንካራው ልምምድ ግን ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ወይም ከተራዊሕ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ሆድ በረመዷን የሚረበሸው ብዙ ጊዜ በጾሙ ሳይሆን በአፈጣጠሩ ነው። በቴምርና በውሃ ጀምሮ፣ ሾርባና ቀለል ያለ ምግብ አስከትሎ መሮጥ ይቻላል። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ጠግቦ በልቶ መሮጥ ግን ማቅለሽለሽን መጥራት ነው፤ ሳምቡሳው ከሩጫው በኋላ ይድረስ። ውሃውንም በስሑር ሰዓት በአንድ ጊዜ ከመጋት ከኢፍጣር እስከ ስሑር እየከፈሉ መጠጣት ይሻላል። በሩጫ ላይ የመጠጣት ልምምዱም በእነዚሁ የማታ ሩጫዎች ሊቀጥል ይችላል። ውድድሩ ራሱ በጾም ቀን ለሚውልበት ሰው ደግሞ የሸሪዓውን ብይን የሚያውቁትን ዑለማ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ በውድድሩ ጠዋት ላይ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ሕመሙ ከሩጫው ላይሆን ይችላል

በአገራችን ሁሉም የሆድ ሕመም ከሩጫ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጃርዲያ፣ አሜባና ታይፎይድ ያልተጣራ ውሃና ያልታጠበ ምግብ ባለበት ሁሉ አሉ። የእረፍት ቀንም የማይለቅ ቁርጠትና ተቅማጥ የሰገራ ምርመራ ይፈልጋል። ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሯጭ የታሸገ፣ የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ውሃ ይጠጣ፤ ጥሬ ሰላጣ ይቅርበት፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የመጠጫ ጠርሙስም በየቀኑ መታጠብ አለበት። ስኳር የቀረበት ጠርሙስ በአንድ ሌሊት ጀርም ያፈራል።

ስለ መድኃኒት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለጉልበት ሕመም ብሎ ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ ደም ያነሰውን አንጀት ይበልጥ ያቆስላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ማራቶንን ስታቋርጥ፣ ለእግሯ ጉዳት የወሰደችው እንዲህ ያለ መድኃኒት ሆዷን እንደረበሸው ተናግራለች። ያለ ምርመራ "ለሆድ" ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክም ራሱ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ሩጫውን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፦

– ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ
– የማይቆም ትውከት፣ ወይም ትኩሳት ያለው ተቅማጥ
– መደናገር፣ ራስን መሳት ወይም መንቀጥቀጥ
– በአንድ ቦታ ላይ ጠንቶ የሚበረታ የሆድ ሕመም
– ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ

ልጆቻቸው የሚሮጡ ወላጆችና ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ መምህራን አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ነገር ይቀየራል። "ስንት ሮጥክ?" ከማለት ጋር "ሆድህስ እንዴት ነበር?" ይበሉ። ሴት ልጆች በወር አበባ ሰሞን የሆድ ችግሩ ሊበረታባቸው ስለሚችል፣ ሳያፍሩ የሚነግሩት ሰው ያስፈልጋቸዋል። በጊዜ የተነገረ የሆድ ሕመም ብዙ ጊዜ ቁርስን በመለወጥ፣ ሰዓትን በማስተካከልና በአንድ ጠርሙስ ውሃ ይፈታል። የተደበቀው ግን ልጁን ከሩጫ ያስወጣል። የሚቀጥለው ረጅም ሩጫ የፊታችን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ጠርሙሱ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋጅ።